ንጹሕ ድንጋይ

ጥሩዓለም ድንጋይ አጣቢ ናት። ሥራሽ ምንድን ነው ብሎ ለጠየቃት ሁሉ እንዲሁ ትመልሳለች፤ የሚስቅባት የለም። በሥራ ስም መሳቅ ከቀረ ቆይቷል። የግራ ጎረቤቷ ጥላ አከራይ ነው፤ የቀኝ ጎረቤቷ መመለሻ ቤት ውስጥ ከአመድ ጥርስ ትለቅማለች። ከእነሱ ጋር ሲተያይ ድንጋይ ማጠብ የጨዋ ሥራ ነው።

ድንጋዩ የሚመጣው ከአፋር ምድረ በዳ ነው። ያ ሁሉ አሸዋ በጥንት ዘመን ባሕር ነበር፤ ባሕሩ ሲሸሽ ኮራሎቹን ጥሏቸው ሄደ። ኮራል ሲያዩት ድንጋይ ይመስላል እንጂ ነፍስ ያለው ፍጡር ነው። ሲሞት ግን እውነትም ድንጋይ ይሆናል፤ ነጭ፣ ቀዳዳ የበዛበት፣ ከመጠኑ ይልቅ ቀለል ያለ። ሞሚና የምትባል የአገሩ ተወላጅ በመኪና እየዞረች ትለቅመዋለች፤ ጥሩዓለም ታጥበዋለች፤ ከታጠበ በኋላ ባሕሩ ውስጥ ይገባል።

ባሕሩ የሚሉት ከሰመራ ወጣ ብሎ በተሠራ አዳራሽ ውስጥ ያለውን፣ ግድግዳው ወፍራም መስታወት የሆነውን ገንዳ ነው። ሌላ የለም። ቀይ ባሕር ውሃው አለ፤ ከሞቀ ወዲህ ግን የሚኖርበት ነገር ስለሌለ ሰዎች ስሙን መጥራት ትተውታል። በገንዳው መካከል ከዚያ የተረፈች አንዲት ኮራል ተቀምጣለች። ቁመቷ ከሕፃን አይበልጥም፤ ቀለሟ የበሰለ ማንጎ ነው። በወረቀት ላይ ረዥም የፈረንጅ ስም አላት፤ ሠራተኞቹ ግን እሜቴ ይሏታል። እሜቴ ዛሬ አልተከፈተችም፤ እሜቴ ተቆጥታለች፤ እሜቴ ብርሃኑ በዝቶባታል። በዓለም ላይ የቀረችው እሷ ብቻ እንደሆነች ስለሚነገር ጠዋት ጠዋት የተማሪ አውቶቡስ ይመጣል፤ ልጆቹ ተሰልፈው አይተዋት ይሄዳሉ።

እሜቴ ብዙ አትጠይቅም። የምትጠላው ፎስፌትን ነው፤ አጥንትና ኩስ ውስጥ ያለውን፣ አፈርን የሚያፋፋውን ማዕድን። ውሃው ውስጥ ጥቂት ከገባ አጥንት መሥራት ያቅታታል፤ ትንሽ ከጨመረ ደግሞ አልጌ ይነሳና አረንጓዴ ያለብሳታል። ስለዚህ አጠገቧ የሚቀመጥ ድንጋይ ሁሉ ከፎስፌት መጽዳት አለበት። የምድረ በዳው ድንጋይ የወፍ ኩስና የፍየል በጠጥ ሲጠጣ የኖረ ስለሆነ ጠግቦ ነው የሚመጣው።

ጥሩዓለም መጀመሪያ በብረት ብሩሽ ትፈትገዋለች። ከዚያ አሲድ ውስጥ ትነክረዋለች፤ ድንጋዩ ይንጨረጨራል፣ አረፋ ይደፍቃል፣ የላይ ቆዳው ይነሳል። ታለቀልቀውና ክዳን ባለው በርሜል ውስጥ፣ በጨለማ፣ በጨው ውሃ ታስተኛዋለች። በየጊዜው ማሰሪያ የሚሉትን ፈሳሽ ጠብ ጠብ ታደርግበታለች፤ ማሰሪያው ከድንጋዩ የወጣውን ፎስፌት ይዞ፣ ነጭ ዝቃጭ ሆኖ ወደ ታች ይወርዳል። ዝቃጩ አይደፋም። በጆንያ ይታሰርና በመንግሥት መኪና ወደ እርሻ ይሄዳል። እሜቴን የሚገድላት ነገር ለጤፉ ምግቡ ነው።

ቀጥሎ ምርመራው ይመጣል። ከበርሜሉ በብልቃጥ ይቀዳል፤ ጠብታ ይጨመርበታል፤ ይናጣል፤ ይጠበቃል። ፎስፌት ካለ ውሃው ሰማያዊ ይሆናል፤ በበዛ ቁጥርም ይጠቁራል። ከሌለ እንደነበረ ይቀራል። ጀማሪ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ውሃውን ይቀይርና ወዲያው ይለካል፤ ብልቃጡ ንጹሕ ይሆንለታል፤ ደስ ብሎት ድንጋዩን ያወጣል። ድንጋይ ግን አማቂ ነው። የያዘውን በአንድ ጊዜ አይሰጥም፤ ሰው የጨረሰ ሲመስለው ቀስ ብሎ እንደገና ማውጣት ይጀምራል። ጥሩዓለም አንዱን ድንጋይ ወራት ታስተኛዋለች። በእሷ እጅ ያለፈ ድንጋይ ባሕሩ ውስጥ ገብቶ ብልቃጥ አቅልሞ አያውቅም። አንዱ ኩራቷ ይሄ ነበር። ሌላው አዜብ ነበረች።

አዜብ ልጇ ናት። ትምህርት ቤት በሙቀት ምክንያት በተዘጋ ቁጥር እናቷን ተከትላ አዳራሹ ትመጣና አፍንጫዋን መስታወቱ ላይ ለጥፋ ትቆማለች። ጥበቃው በሪሁን እየተነጫነጨ የትንፋሿን ጉም ይወለውላል፤ እሷም ከጀርባው ሌላ ቦታ ላይ ትተነፍሳለች።

"እማ፣ እሜቴ ብቻዋን ስትሆን አትፈራም?" አለቻት አንድ ቀን።

"ምን ብቻዋን ናት? ድንጋዮቹ አሉ አይደል እንዴ አጠገቧ።"

"ድንጋይ ያወራል?"

"ያወራል። ቀስ ብሎ ነው እንጂ።"

አዜብ ይህን አምና ከዚያ በኋላ ጆሮዋን መስታወቱ ላይ እየለጠፈች ታዳምጥ ጀመር። ሰባት ዓመት ሳይሞላት በዚያው በጋ ትኩሳት ያዛትና ሞተች። በዚያ በጋ የሞቱት ሕፃናት ብዙ ናቸው፤ ሬዲዮ ወቅቱ የሚጠበቅ ነው ብሎ አልፎታል።

ሕጉ ከወጣ ጀምሮ ሰው አይቀበርም፤ ይመለሳል። ከውጭ የሚመጣው ማዳበሪያ ተቋርጦ አፈሩ ማብቀል እምቢ ሲል፣ መጀመሪያ የከብት አጥንት ተሰበሰበ። ቀጥሎ የቤተ ክርስቲያኑም የመስጊዱም መቃብር ተቆፈረ። በመጨረሻ መመለሻ ቤቶች ተሠሩ። አስከሬኑ ይገባል፤ ይቃጠላል፤ አጥንቱ ይፈጫል፤ ዱቄቱ ወደ ማሳ ይወጣል። ለቤተሰቡ ጤፍ ይሰጠዋል፤ ለአዋቂ ኩንታል፣ ለሕፃን ሩብ። ለቅሶ የሚደርስ ሰው "እግዜር ያጥናችሁ" ካለ በኋላ "እህል ያድርገው" ይላል። መጀመሪያ ይህን ይሉ የነበሩት ሹሞች ብቻ ነበሩ። አሁን ሁሉም ይለዋል፤ ሐዘንተኛውም አሜን ይላል።

የአዜብ ሩብ ኩንታል በመጣች ቀን ጥሩዓለም ጆንያዋን በር ላይ ትታ ከፊት ለፊቷ ተቀመጠች። ማንሳትም፣ ማስገባትም፣ ከዓይኗ ማራቅም አቃታት። ባሏ ሸዋንግዛው የመመለሻ ቤት ሾፌር ነው። ወደ ማታ መጥቶ ጆንያዋን ተሻግሮ ገባ፤ በሩን ዘጋ፤ ከሸሚዙ ውስጥ የተቋጠረ መሐረብ አወጣ። ሲፈታው ጨው የመሰለ ነጭ ዱቄት ነበረበት፤ ሁለት እፍኝ ቢሆን ነው።

"እሷ ናት?"

"እሷ ናት። ከማንም ጋር አልተቀላቀለችም። ብቻዋን ነው ያስገባኋት፤ ምድጃውን ራሴ ነኝ የጠረግኩት።"

ጥሩዓለም መሐረቡን በሁለት እጇ ተቀበለችው። ያኔ ነው መጀመሪያ ድምፅ አውጥታ ያለቀሰችው፤ ሸዋንግዛው ጎረቤት እንዳይሰማ አፏን በመዳፉ ይዞ አብሯት አለቀሰ።

ችግሩ ከዚያ በኋላ መጣ። የሚቀበርበት መሬት የለም። አነፍናፊ የሚባሉት የመንግሥት ፈታሾች ረዥም ዘንግ ይዘው በየግቢው ይዞራሉ፤ ዘንጉ አፈር ውስጥ ሲሰካ ፎስፌት ካገኘ ይጮሃል። ግቢው ውስጥ ቀብሮ የተያዘ ሰው ወደ እርሻ ይላካል፤ የተቀበረውም ወጥቶ ይሄዳል። ሸዋንግዛው ነፋስ ላይ እንበትናት አለ።

"ልጄን ነው የምትበትናት?" አለችው። "መቃብር ነው የምፈልግላት። ሄጄ የማለቅስበት፣ ፊቷን ወደ ምሥራቅ የማዞርበት ቦታ።"

"የት አለ እንደዚህ ያለ ቦታ፣ ጥሩዬ?"

ቦታው የመጣላት ሥራ ላይ፣ ብሩሽ ይዛ እያለች ነው። የአነፍናፊ ዘንግ የማይገባበት ነገር የለም፤ ጓሮ ይገባል፣ የአበባ ማሰሮ ይገባል፣ የሕፃን ፍራሽ እንኳ ይፈተሻል። ባሕሩ ውስጥ ግን ገብቶ አያውቅም። ፎስፌት የሌለበት ቦታ ነውና ማን ፎስፌት ይፈልግበታል? የሌለበት መሆኑን የምታረጋግጠው ደግሞ ራሷ ናት።

በሰመራ ቀትር ላይ ሰው አይንቀሳቀስም። ሁሉም ጥላውን ፈልጎ ይጋደማል፤ አዳራሹም ጭር ይላል። ጥሩዓለም በዚያ ሰዓት ከታጠቡት ድንጋዮች አንዱን መረጠች፤ የአዜብን ጭንቅላት የሚያህል፣ መሐሉ ላይ ጥልቅ ጎድጓዳ ያለው። መሐረቡን ፈታች፤ ዱቄቱን አንዲት ፍሬ ሳታባክን ወደ ጎድጓዳው አፈሰሰች፤ ድንጋዮቹን እርስ በርስ በሚያያይዙበት ነጭ ሲሚንቶ ደፈነችው። የምታውቀውን ያህል አባታችን ሆይ አለች። ቄስ የለም፤ ፍትሐት የለም። እንደደረቀ ተሸክማ፣ በመሰላል ወጥታ፣ በረዥም መቆንጠጫ እሜቴ አጠገብ አስቀመጠችው። ድፍኑን ወደ ምሥራቅ አዞረችው።

ይህን ስታደርግ ማንም አይጠረጥርም። ድንጋይ አቀማመጥ ላይ ሁሉም የራሱ ልማድ አለው። ሞሚና የምታስቀምጠውን ድንጋይ ፊቱን ወደ ሰሜን ካላዞረች አትሄድም፤ ውሃው እንዲዘዋወርበት ነው ትላለች። ኃላፊው አቶ ልሳኑ ደግሞ ለብርሃኑ ምሥራቅ ይሻላል ባይ ናቸው። በዚህ ሲከራከሩ ኖረዋል፤ ማንም ማንንም አላሳመነም።

ከዚያ በኋላ ጥሩዓለም መቃብር ያላት ሴት ሆነች። ይህ ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ያጣ ብቻ ነው። ቀትር ላይ መስታወቱ አጠገብ ምሳዋን ይዛ ትቀመጣለች፤ የቤቱን ወሬ ትነግራታለች፤ አባትሽ ጉንፋን ይዞታል፣ ድመቷ ወልዳለች። በአርባኛው ቀን ያቺን ጆንያ ጤፍ ለነዳያን ሰጠች። በሪሁን ከማዶ ተቀምጦ ያያታል እንጂ ምንም አይላትም። እሱም ቀትር ላይ ጥላ ስር መተኛት ትቷል፤ ከገንዳው ወዲያ ማዶ በርጩማ ስቦ መስታወቱን እያየ ይውላል። ሥራ የሚወድ ሰው ነው ብላ አልፋዋለች።

ከዚያ ብልቃጡ ቀለመ።

መጀመሪያ በጣም ሳሳ ያለ ሰማያዊ ነበር፤ ወደ ብርሃን ካልያዙት አይታይም። ጥሩዓለም እጇን ጠርጥራ ብልቃጡን አጥባ ደገመችው። ያው ነው። ነገሩ ወዲያው ነው የገባት። ሲሚንቶው ያፈሳል። ድንጋይ አማቂ ነው፣ ቀስ ብሎ ያወጣዋል እያለች ጀማሪ ስታስተምር የኖረች ሴት፣ የራሷ ድንጋይ ለእሷ ሲል ዝም የሚል መስሏት ነበር።

ለአቶ ልሳኑ ውጤቱን ነገረቻቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና "ጨው ይሆናል" አሉ። "አዲስ የመጣው ጨው ቆሻሻ አለበት።" ጨው ተቀየረ፤ ሰማያዊው ጠነከረ። ሞሚና አቧራ ነው አለች፤ ጣሪያው ተደፈነ። በሪሁን ተማሪዎቹ ናቸው አለ፤ የአውቶቡሱ ጉብኝት ቆመ። ውሃው ሲቀየር ለጥቂት ቀን ይጠራና እንደገና ይቀልማል፤ ማሰሪያ ሲጨመር ይጠራና እንደገና ይቀልማል። በዚህ ሥራ ላይ የዋለ ሰው ሁሉ እንዲህ ያለ ነገር ሲመጣ መጀመሪያ የሚለው አንድ ነገር ነው፤ ድንጋዮቹን አውጥተን እንያቸው ነው። ያንን ያለ አንድም ሰው አልነበረም። ጥሩዓለም ስለሚያምኑኝ ነው ብላ አፈረች። እኔ ያጠብኩትን ድንጋይ መጠርጠር ነውር መስሏቸው ነው አለች።

እሜቴ መከፈት ተወች። የማንጎው ቀለም ከጫፏ ጀምሮ እየገረጣ መጣ፤ ከሥሯ ጭራ የመሰለ አልጌ በቀለ። አቶ ልሳኑ በወጣትነታቸው ከቀይ ባሕር ሲያወጧት ያለችበትን ዕቃ በእቅፋቸው ይዘው ከምጽዋ ድረስ የመጡ ሰው ናቸው፤ አሁን በየጠዋቱ መስታወቱ ፊት ቆመው "እሜቴ፣ ምነው፣ ምን በደልንሽ?" ይሏታል። ጥሩዓለም ይህን ስትሰማ መሬት ተከፍቶ ቢውጣት ትመርጣለች።

"ተያት" አላት ሸዋንግዛው። "ኮራል ናት። ሰው አይደለችም።"

"የመጨረሻዋ እኮ ናት።"

"አዜብስ? ስንት አዜብ ነበረችን?"

ነገር ግን ያቺ አፍንጫዋን መስታወቱ ላይ የምትለጥፍ ልጅ ከፊቷ አልጠፋ አለች። አዜብ ብትጠየቅ ምን ትላለች? እሜቴን ገድላችሁ እኔን አስተኙኝ ትላለች? ጥሩዓለም ብዙ ተጨነቀች፤ ክብደቷ ቀነሰ፤ በመጨረሻ አንድ ቀትር ላይ መሰላሉን ወጣች።

ድንጋዩን ይዛ ወደ ማጠቢያው ክፍል ገባችና በሩን ቆለፈች። ሲሚንቶውን በመሮ ፈለፈለችው። ዱቄቱ በከፊል ረጥቦ ከድንጋዩ ሥጋ ጋር ተጣብቋል፤ የቱ ድንጋይ፣ የቱ ልጇ እንደሆነ አይለይም። በጣቷ ልታወጣው ሞከረች፤ አልወጣም። ወደ መሐረቡ ልትመልሳት ነበር ያሰበችው፤ ወደ ቤት ልትወስዳት ነበር። የወጣላት ግን አንድ ጥፍር አይሞላም፤ እሱም እጇ ላይ ጭቃ ሆኖ ቀረ።

ይህን ሁሉ ፎስፌት ያዘለ ድንጋይ ማስቀመጫ የለውም። ከበሩ ውጭ ቢታይ ዘንጉ ይጮሃል፤ እሷም ሸዋንግዛውም ያበቃላቸዋል። መታጠብ አለበት። አሲዱን ቀዳች። ጓንት ማድረጓንም፣ መነጽር ማድረጓንም አታስታውስም። ድንጋዩን ለቀቀችው።

ተንጨረጨረ። ሌላው ድንጋይ እንደሚንጨረጨረው ነው የተንጨረጨረው፤ ድምፁ ግን ያንን ያህል ከፍ ብሎ ሰምታ አታውቅም። አረፋው ሲነሳ ሮጣ የምታወጣት መሰላት፤ አልሮጠችም። ቆማ "አይዞሽ፣ አይዞሽ፣ አሁን ያልቃል" አለች፤ ልጅን ጠጉሯን ሲያጥቧት፣ ሳሙና ዓይኗ ውስጥ ገብቶ ስታለቅስ እንደሚሏት ማለት ነው። አለቀለቀችው። በርሜል ውስጥ አስተኛችው። ማሰሪያውን ጠብ አደረገች። ልማድ ሆኖባት ምንም ሳታስቀር በደንብ አጠበችው። ነጩ ዝቃጭ ሲወርድ በጆንያ አሰረችው፤ የመንግሥቱ መኪና ሲመጣ ጫኞቹ ከሌላው ዝቃጭ ጋር ጭነውት ሄዱ። መኪናው ከዓይኗ እስኪጠፋ በሩ ላይ ቆማ አየችው።

ከዚያ የባሕሩን ውሃ ለካች። ቀይራ አልለካችም፤ ደንቡን ጠብቃ፣ አስተኝታ፣ ታግሣ ነው የለካችው።

ብልቃጡ ከበፊቱ ይልቅ ጠቆረ።

በዚያን ዕለት ወደ አቶ ልሳኑ ክፍል ገባች። ሞሚና ስለ መኪናው ጎማ ልትነግራቸው እዚያ ነበረች፤ በሪሁንም በሩ ላይ ቆሟል። ጥሩዓለም ማንንም ውጡልኝ አላለችም።

"አቶ ልሳኑ፣ እሜቴን የጨረስኳት እኔ ነኝ" አለች። "ልጄን ከድንጋዩ ውስጥ ቀብሬያት ነበር። ወጥታለች፤ ድንጋዩንም አጥቤዋለሁ። ግን ዘግይቻለሁ መሰለኝ፤ ውሃው እምቢ አለኝ።"

አቶ ልሳኑ ብዕራቸውን አስቀመጡ።

"አጠብሽው?" አሉ።

"አዎ።"

"በአሲድ?"

"በአሲድ ነዋ፤ በምን ይታጠባል?"

ሁለት እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። "ወይ አንቺ ልጅ! ምነው መጀመሪያ ብትነግሪኝ! ምነው ብትነግሪኝ!"

ይቆጡኛል፣ ያስሩኛል ብላ ነበር የገባችው፤ እሳቸው ግን ተነሥተው ክንዷን ይዘው ወደ ገንዳው ወሰዷት። ከእሜቴ ጀርባ ያለችውን ጠፍጣፋ ድንጋይ በጣታቸው አሳዩዋት። ድፍኗ ወደ ምሥራቅ ነው።

"ብዙነሽ ናት" አሉ።

ብዙነሽ ባለቤታቸው ነበረች። ጥሩዓለም ለቅሶዋ ላይ ተገኝታ "እህል ያድርጋት" ብላቸው ነበር፤ እሳቸውም አሜን ብለዋል።

ዞራ ሞሚናን አየቻት። ሞሚና ሻሿን ወደ ፊቷ ሳበችና "ሁለቱ ሰሜን የሚያዩት የኔ ናቸው" አለች። "ትልቁ ባሌ፣ ትንሹ ልጄ ያሲን ነው። ያሲንን ታውቂዋለሽ፤ ብስኩት ሰጥተሽው ታውቂያለሽ።" በሪሁን በርጩማው የሚቆምበትን ቦታ ብቻ አየ፤ ከዚያ ትይዩ አንድ ክብ ድንጋይ አለ። በቅርብ ያጣቸው እናቱ መሆን አለባቸው።

ጥሩዓለም ባሕሩን ያኔ ነው መጀመሪያ ያየችው። ስታጥባቸው፣ ስታስቀምጣቸው፣ በየቀኑ ስታያቸው የኖረችው ድንጋዮች ግማሾቹ ፊታቸው ወደ ምሥራቅ፣ ግማሾቹ ወደ ሰሜን፣ ወደ መካ ነው። ከእነዚህ ከሦስቱ ሌላ ሠርተው የሄዱ ሰዎችም ነበሩ፤ የእነሱም ድንጋዮች ድፍን አላቸው። ሁሉም ከእሷ በርሜል ንጹሕ ሆነው የወጡ ድንጋዮች ናቸው። ንጹሕ ስለሆኑ ነው የተመረጡት።

"እናውጣቸው" አለች። "ገና ነፍስ አላት፤ እዩዋት፣ ከሥር በኩል ቀለም አለ። ዛሬ ካወጣናቸው ትድናለች።"

የተንቀሳቀሰ የለም።

"አንቺ አወጣሽ" አለች ሞሚና፤ በክፋት አልነበረም። "አሁን ልጅሽ የት አለች?"

ጥሩዓለም ስለ መኪናው ልትነግራት አፏን ከፍታ ዘጋችው።

"እኔ ያሲንን አልሰጥም። ወላሂ አልሰጥም። እዚህ አገር ባሕር አንዴ ሄዷል፤ ሲሄድም ኖረናል። እሷም ትሂድ።"

"እኔ ዕድሜዬን ለእሷ ነው የጨረስኩት" አሉ አቶ ልሳኑ፤ እንባቸው ጢማቸው ላይ ይወርዳል። "ባለፈው መሰላሉን ወጥቼ እጄን ከትቼ ነበር። ብዙነሽን ያዝኳት። ላነሳት ስል፣ ያንን አሲድ አሰብኩትና... አልቻልኩም፣ ልጄ። በዓለም ላይ የመጨረሻዋ ናት፣ አውቃለሁ። አልቻልኩም።"

ጥሩዓለም መቆንጠጫውን አንሥታ መሰላሉን ወጣች። ማንም አልከለከላትም። የክቡን ድንጋይ ጫፍ ያዘች፤ ከታች በሪሁን ዓይኑን ጨፈነ። ቢነሣ ቀጥሎ የሚሆነውን ታውቃለች። ከእነዚያ ሰዎች መካከል ያንን የመንጨርጨር ድምፅ የሰማች እሷ ብቻ ናት። ለቀቀችውና ወረደች።

እሜቴ ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየችም። መጀመሪያ ነጣች፤ ሁሉም ቀለሟ ወጥቶ ምድረ በዳ ላይ እንደሚለቀመው ድንጋይ ሆነች። ቀጥሎ አልጌው ወጥቶባት የት እንደነበረች መለየት ቀረ። አቶ ልሳኑ ለበላይ አካል ሲጽፉ በሙቀት ሞተች አሉ። ማንም አልጠየቀም፤ ሁሉ ነገር የሚሞተው በሙቀት ነው። ሬዲዮ ከዜናው መጨረሻ ላይ፣ ከአየር ሁኔታው በፊት አነበበው። ፓምፑ ጠፋ፤ መብራቱ ተቆረጠ። ውሃውን ማውጣት ወጪ ስለሆነ ባለበት ተተወ።

ሥራ የለም፤ ሰዎቹ ግን ቀትር ላይ ይመጣሉ። ውሃው ከመደፍረሱ የተነሣ ድንጋዮቹ አይታዩም፤ እያንዳንዱ ግን የራሱን ቦታ ያውቃል። አቶ ልሳኑ በወንበራቸው፣ በሪሁን በበርጩማው፣ ሞሚና መሬት ላይ ቁጭ ይላሉ። ጥሩዓለምም ትመጣለች። ከእነሱ ጋር ትቀመጣለች እንጂ የምታየው የላትም። ሞሚና አንድ ቀን ጠጋ ብላ እጇን ያዘቻትና "ከኔ ጋር አልቅሺ፤ ያሲን አይጠላሽም" አለቻት። ጥሩዓለም እሺ ብላ አብራት አለቀሰች፤ ለያሲን አለቀሰች። ጥሩ ልጅ ነበር። አዜብ ግን እዚያ አልነበረችም።

ሲብስባት ወደ ማጠቢያው ክፍል ሄደች። በርሜሉ እንደተከደነ ነው፤ ካስተኛችው ጀምሮ የነካው የለም። ክዳኑን ከፈተች። ድንጋዩ ከሥር ነጭ ሆኖ ተኝቷል። ድንጋይ አማቂ ነው፤ የያዘውን በአንድ ጊዜ አይሰጥም፤ ሰው የጨረሰ ሲመስለው ቀስ ብሎ ያወጣዋል። ይህን ያስተማራት ሰው አልነበረም፤ በእጇ ያወቀችው ነው። ብልቃጥ ፈልጋ ቀዳች። ጠብታውን ሁለቴ አፈሰሰችው፤ ሦስተኛው ገባላት። ናጠችው። ወደ መስኮቱ ወስዳ ከፍ አድርጋ ያዘችው።

በዚህ ሥራ ላይ ከዋለች ጀምሮ ብልቃጥ በያዘች ቁጥር የምትለምነው አንድ ነገር ነበር፤ ንጹሕ ይሁን። ያን ቀን ሰማያዊ ለመነች። ብዙ አልጠየቀችም፤ ሳሳ ያለች፣ ለእሷ ዓይን ብቻ የምትታይ ሰማያዊ። የጥፍር ቁራጭ ታህል፣ ጥርስ ታህል፣ ከዚያ ያነሰ ቢሆንም ግድ የለኝም አለች። "አዜቤ፣ ካለሽ" አለች።

የሚጠበቀውን ያህል ጠበቀች። ከዚያም በላይ ጠበቀች፤ ፀሐይ ከመስኮቱ እስክትዞር፣ ሸዋንግዛው መጥቶ በሩ ላይ እስኪቆም ድረስ ጠበቀች። ውሃው እንደነበረ ቀረ። እሷ ያጠበችው ድንጋይ ነው።